አጣጥ፣ ዋጊኖስ እና የደም ካንሰር ሕዋሳት ሞት

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ተራሮች፣ በተለይም በእንጦጦ ተዳፋትና በመናገሻ ሱባ ደን፣ አጣጥ የታወቀ ቁጥቋጦ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ግን ማይቴነስ በተባለው የዕፅዋት ወገን ውስጥ ያሉ በርካታ ዝርያዎች ናቸው፤ በአንዱ ያለው ኬሚካል በሌላው ላይኖር ይችላል። ዋጊኖስ ደግሞ በባህል ሕክምና ለተቅማጥና ለቁስል የሚውል መራራ ተክል ነው።

በእነዚህ ዕፅዋት ላይ ከተደረገው የካንሰር ምርምር በጽሑፍ በደንብ የተመዘገበው ዘመን የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ1972 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የማይቴነስ ዝርያ ማይታንሲን የተባለውን ውህድ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ከዋጊኖስ ብሩሴያንቲንን ለይተው አወጡ። ሁለቱም በጥቂት መጠን የአይጥ ሉኪሚያን (የደም ካንሰርን) ተቋቁመዋል፤ የአገራችን ደን ለካንሰር ምርምር ካበረከተው ከእነዚህ የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል።

ሕዋሱን የሚገድሉበት መንገድ ግን ይለያያል። ማይታንሲን ቱቡሊን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ክሮሞሶሞችን ወደ ሁለት ወገን የሚጎትቱት ክሮች አይዘረጉም፤ ክፍፍሉ መሐል ላይ ሲቆም ሕዋሱ አፖፕቶሲስ ወደሚባለው ራሱን የማጥፋት ሂደት ይገባል። ከማዳጋስካር አበባ የተገኘውና ዛሬም የልጆች ሉኪሚያ የሚታከምበት ቪንክሪስቲን የሚያጠቃውም ይህንኑ ቱቡሊን ነው። ብሩሴያንቲን በአንጻሩ ፕሮቲን በሚሠራው የሕዋሱ ክፍል፣ በራይቦሶም ላይ ተጣብቆ የፕሮቲን ምርትን ይገታል፤ በዚህም ዕድሜያቸው አጭር የሆኑት ፕሮቲኖች ቀድመው ይመናመናሉ። ኤችኤል-60 በተባሉ የሉኪሚያ ሕዋሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለመራባታቸው ወሳኝ የሆነው ሲ-ሚክ የተባለ ፕሮቲን መቀነሱ፣ የሕዋሱ ኃይል አመንጪ በሆነው ማይቶኮንድሪያ በኩል የሚያልፈው የሞት መንገድ ተከፍቶም ሕዋሱን ከውስጥ የሚያፈርሱት ካስፔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች መቀስቀሳቸው ታይቷል።

በሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ አልሰመረም። ማይታንሲን ጤናማ ሕዋሳትንም ይጎዳ ስለነበር፣ ብሩሴያንቲንም በሙከራው ዕጢዎችን ስላላሳነሰ ተተዉ። ሆኖም ከማይታንሲን የተሠራ ውህድ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ-እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ጋር ተጣምሮ በ2013 በአሜሪካ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ማይታንሲንን የሚያመርተው ተክሉ ራሱ ነው ወይስ በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው፤ ከማይታንሲን ጋር በጣም የሚመሳሰሉ ውህዶች ከባክቴሪያ መገኘታቸው ሁለተኛውን ሐሳብ ያጠናክራል።

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ በሚገባ ይከናወንበታል። ለዚህ ዓይነት ምርምር የእንዲህ ያለ ማዕከል ጥቅሙ ዝርያውን በትክክል መለየት ማስቻሉ ነው፤ ዝርያው ሳይታወቅ የተጨመቀ ቅጠል ሕዋስ ቢገድልም፣ በጤናማ የደም ሕዋሳት ላይ ካልተፈተነ ውጤቱ ብዙም አይነግረንም።