ከፍራፍሬ ዘር የሚሠራ አክቲቬትድ ካርቦንና የማቅለሚያ ፍሳሽ በባሕር ዳር

አክቲቬትድ ካርቦን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ፣ ቀለምንና ሽታን ከውኃ ስቦ በገጹ ላይ የሚይዝ ከሰል ነው። ከፍራፍሬ ተረፈ ምርት ሊሠራ ይችላል። ባሕር ዳር ውስጥ ጥሬ ዕቃውም፣ ሊፈታ የሚፈለገው የማቅለሚያ ፍሳሽ ችግርም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጁስ ቤቶቿ የማንጎና የአቮካዶ ዘር፣ የፓፓያና የሙዝ ልጣጭ ዕለት ዕለት ይጥላሉ። በ1953 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ የቆመው አባይ ከጣና ከሚወጣበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ነው። የኬሚካል ምሕንድስናም ሆነ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለሚሰጥ ጉዳዩ ለከተማዋ ተመራማሪዎች ቅርብ ነው።

ጥጥ ሲቀለም የገባው ቀለም ሁሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። በተለይ ሪአክቲቭ የሚባሉት፣ ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰሩት ማቅለሚያዎች ከፊላቸው ከውኃ ጋር ተዋሕደው የመያዝ ኃይላቸውን ያጡና ከእጥበቱ ጋር ይወጣሉ። ማቅለሚያ እንዳይለቅ ታስቦ የሚሠራ ነገር ነውና ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ አይፈቱትም፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባም የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ያግዳል።

አሠራሩ ከሰል ማክሰልን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። ዘሩ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በፎስፎሪክ አሲድ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም አየር እንዳይገባ በተዘጋ ምድጃ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይከስላል። ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው አሲዱ ነው። በመጨረሻ አሲዱ እስኪለቅ ይታጠባል። በአግባቡ የተሠራ 1 ግራም ከሰል የውስጥ ገጹ ተዘርግቶ ቢለካ ከ500 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጠንካራው የማንጎ ዘር ቅርፊት ውኃና አመድ ከሚበዛበት የሙዝ ልጣጭ ይመረጣል። ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ዘርን በፀሐይ ማድረቅ የማይታሰብ ሲሆን፣ በምድጃ ማድረቅ ደግሞ የማገዶ ወጪ ያስከትላል።

ቤተ ሙከራዎች ከሰሉን አዘውትረው የሚፈትኑት ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ በአሲድ ተዘጋጅቶ ገጹ ኔጌቲቭ በሆነ ከሰል ላይ በቀላሉ ይለጠፋል። የጥጥ ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ግን ራሱ ኔጌቲቭ ነው፤ ፍሳሹም ጨውና አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ይበዛበታል። ስለዚህ ቀለሙ ከሞላ ጎደል ተወገደ የሚል ውጤት ሲቀርብ የትኛው ቀለም፣ በምን ዓይነት ውኃ ውስጥ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የፍሳሹን አሲድነት ከፍ ማድረግ ሪአክቲቩን ለመያዝ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ለፋብሪካ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ከሰሉ ብቻውን የፋብሪካን ፍሳሽ ለማጣራት አይበቃም። ዝቃጩ ከሠፈረና ሌላው ቆሻሻ በተሕዋስያን ከተብላላ በኋላ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ቢገባ ቀዳዳዎቹ ቶሎ አይደፈኑም። ደግሞም ቀለሙን ከውኃ ወደ ጠጣር ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። የሞላው ከሰል በሙቀት ታድሶ እንደገና ሊሠራበት ይችላል፤ በእያንዳንዱ እድሳት ግን ከፊሉ ተቃጥሎ ይጎድላል። መታደስ የማይችለውን ሜዳ ላይ መድፋት አይገባም፤ የያዘውን ቀለም ዝናብ አጥቦ ሊያወጣው ይችላልና።