ካርታሚን ምንድን ነው?

ካርታሚን ሱፍ ከሚባለው ተክል አበባ የሚወጣ ቀይ የተፈጥሮ ቀለም ነው። ሱፍ ስል የአበባው ራስ ሰፊ የሆነውን የፈረንጅ ሱፍ ማለቴ አይደለም፤ በጤፍና በገብስ ማሳ ዳር የሚዘራውን እሾሃማውን የሀገር ሱፍ ነው። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ፍሬውን የማያውቅ የለም። አበባውን ግን የሚፈልገው ሰው አላየሁም፤ ይህም ይቆጨኛል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሱፍ መነሻ ናቸው ካላቸው ሦስት አካባቢዎች ኢትዮጵያ አንዷ ናት። በአበባው ጨርቅ ያቀለሙት ግን የጥንት ግብጻውያን ናቸው፤ ጃፓናውያንም እስከ ዛሬ ሐር ያቀልሙበታል፣ የከንፈር ቀለም ይሠሩበታል።

አበባው ሲፈነዳ ቢጫ ነው፤ እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ቀይ ያደላል። ካርታሚን የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ቢጫው ብዙ ነው፣ በውሃም በቀላሉ ይሟሟል። ካርታሚን ግን ከደረቀው አበባ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ንጹሕ ውሃም አይፈታውም። የሚፈታው የአመድ ውሃ ነው፤ አመድ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነውና።

ስለዚህ ቀለሙን የሚያወጣ ሰው በመጀመሪያ አበባውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ያጥባል፤ ቢጫው አልቆ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ በጠለለ የአመድ ውሃ ይዘፈዝፈዋል። አበባውን አውጥቶ የጥጥ ጨርቁን ከነከረ በኋላ ሎሚ ይጨምቅበታል። አሲዱ የአመዱን ኃይል ሲሰብረው ካርታሚን ውሃው ውስጥ መቆየት ያቅተውና ጥጡን ይይዛል። እሳት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሙቀት ቀዩን ያበላሸዋል። ብዙዎቹ የዕፅዋት ቀለሞች ጥጥ ላይ እንዲጸኑ እንደ አሉሚኒየም ጨው ያለ አስያዥ ይሻሉ፤ ካርታሚን ያለ አስያዥ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን የጦርነት ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለተተከለባት፣ ዩኒቨርሲቲዋ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት ላለው ከተማ፣ በፎገራ በኩልም የአውራምባ ሸማኔዎች ለሚጎራበቷት ባሕር ዳር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድካሙም አለ። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ ሳሙናም አልካሊ ስለሆነ ቀለሙን መልሶ ይፈታዋል። ለዘወትር ነጠላ አልመክረውም። ለግድግዳ ጌጥና አልፎ አልፎ ለሚለበስ የጥለት ክር ግን ይሆናል።

ፍሬው ሌላ ሀብት ነው። ከዘይቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ ቅባት። በቫይታሚን ኢም የበለጸገ ነው። በጾም ወቅት እናቶቻችን ታምሶ የተወቀጠውን ሱፍ በውሃ በጥብጠው ሲያጠልሉት እንደ ወተት የሚነጣው፣ የፍሬው ፕሮቲን ዘይቱን በጥቃቅኑ በትኖ በውሃው ውስጥ ስለሚያቆየው ነው። በዚያ የሚሠራው የሱፍ ፍትፍት ለጿሚ ሰው እውነተኛ ስንቅ ነው።

አበባውን መልቀም ፍሬውን አይጎዳም። ዘር ከተያዘ በኋላ፣ አበባው ሲጠወልግ ነው የሚለቀመው፤ ከእሾሁ የተነሳ ጓንት ይጠቅማል። ቢጫ ሆነው ብቻ የሚቀሩ ዝርያዎች ቀይ ስለማይሰጡ፣ እየጠወለገ የሚቀላውን መምረጥ ነው። አበባውን እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ግን ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ማሕፀንን ሊያነቃቃ ይችላል።