ፒሪየድ ፊልም ምንድን ነው? «ጋንግስተር ስኳድ» የሳተው ነገር

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ፊልምን በሁለት ቃል ነው የሚከፍለው። አክተሩ አለ፣ ቦሱ አለ። አክተሩ አይሞትም። ቦሱ መጨረሻ ላይ የእጁን ያገኛል። በዚህ ሚዛን «ጋንግስተር ስኳድ»፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ቡድን አንድ የወንበዴ አለቃ የሚያሳድድበት ፊልም፣ ምንም አይጎድለውም። ጆሽ ብሮሊን አክተሩ ነው፤ ሾን ፔን ቦሱ። ራያን ጎስሊንግና ኤማ ስቶን መሃል ላይ ይፋቀራሉ። ኒክ ኖልቲ በዚያ በሻከረ ድምፁ ትእዛዝ ይሰጣል። አንቶኒ ማኪ ጩቤ ይወረውራል።

እኔም ፖስተሩ ላይ ያሉትን ስሞች አይቼ፣ ፈንዲሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ከተኩሱ ድምፅ በቀር ልቤ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። ምን ጎደለው? መልሱ «ፒሪየድ ፊልም» የሚለው ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ፒሪየድ ፊልም ማለት በአንድ ባለፈ ዘመን ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ የያዘ ፊልም ነው። «የድሮ ፊልም» ከሚባለው ጋር እንዳናምታታው። በ1949 ተሠርቶ 1949ን የሚያሳይ የድሮ ፊልም ነው። እንደ «ጋንግስተር ስኳድ» በ2013 ወጥቶ 1949ን የሚያሳይ ግን ፒሪየድ ፊልም ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ገጸ ባህሪያቱ የፈጠራ ቢሆኑ ችግር የለውም። ዘመኑ ግን እውነተኛ መሆን አለበት።

ዘመን በምን ይታያል? ባርኔጣ፣ ሙሉ ልብስ፣ ረጅም መኪና፣ የኒዮን መብራት። ይሄ ቀላሉ ነው፤ ብር ካለ ይገዛል። ከባዱ ሌላ ነው። ሰው በዚያን ጊዜ ብሩን ከየት ያገኝ ነበር? ማን ማንን ይፈራ ነበር? ፖሊስ ምን ይችል፣ ምን አይችል ነበር? እኔ በአንድ ጥያቄ ነው የምፈትነው። ተዋናዮቹን የዛሬ ልብስ አልብሰህ የዛሬ ከተማ ውስጥ አስቀምጣቸው። ታሪኩ ምንም ሳይነካው ከቀጠለ፣ ዘመኑ ጌጥ ነበር ማለት ነው። «ጋንግስተር ስኳድ» እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል።

የሚያናድደው፣ እውነተኛው ታሪክ ጭማቂ የሞላው ነበር። ሾን ፔን የሚጫወተው ሚኪ ኮኸን በእውነት የነበረ ሰው ነው። በ1913 ተወለደ። ቦክሰኛ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የወንበዴው አለቃ የበግዚ ሲገል ሰው ሆኖ ሠራ። ሲገል በ1947 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ ሲገደል ዙፋኑ ላይ ወጣ። እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ፣ ቆሻሻ የሚያስጨንቀው ሰው ነበር። የወንዶች ልብስ መሸጫ ሱቅም ነበረው። ሱቁ ሽፋን ነው፤ እውነተኛው ሥራ ውርርድ ነበር።

ይህን ውርርድ ትንሽ እንየው፤ ዘመኑ ያለው እዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረስ ውድድር መወራረድ የሚፈቀደው ውድድሩ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ውጪ ወንጀል ነበር። ሰው ግን በየፀጉር ቤቱና በየሲጋራ ሱቁ ይወራረድ ነበር። እንግዲህ ኢንተርኔት የለም፣ ቴሌቪዥን ገና መስፋፋቱ ነው። ሌላ ከተማ ውስጥ የትኛው ፈረስ እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል? ውጤቱ በሽቦ፣ ማለት በቴሌግራፍና በስልክ መስመር ይመጣል። ውርርድ የሚሰበስበው ሰው ውጤቱን ዘግይቶ ከሰማ፣ ቀድሞ የሰማ ተንኮለኛ ያለቀ ውድድር ላይ ተወራርዶ ልብሱን ያስወልቀዋል። ስለዚህ ሽቦውን የያዘ ሰው ከተማውን ያዘ ማለት ነው። ዛሬ ውጤቱን በስልኩ ለሚያይ የቤቲንግ ደንበኛ ይሄ ተረት ሊመስለው ይችላል።

ፊልሙ ይህን ያውቃል። የኮኸን ትልቅ ዕቅድ የሽቦው ማዕከል ነው። ግን ምን ያደርግበታል? ፖሊሶቹ ያገኙትና ያቃጥሉታል። አለቀ። የአደንዛዥ ዕፅ መጋዘን ቢሆንም ያው ነበር።

ኮኸንን የሚያሳድደው የፖሊስ ቡድንም በእውነት ነበር። የከተማው ፖሊስ በ1946 አቋቋመው። ቢሮ እንኳ አልነበራቸውም። ዋና ሥራቸው የወንበዴዎቹን ንግግር የሚሰልል ማዳመጫ በድብቅ መቅበርና መከታተል ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣን ወሮበላ ወደ ኮረብታው ወስደው፣ ሽጉጥ ጆሮው ላይ ደግነው፣ ወደ መጣበት እንዲመለስ ይመክሩታል። ማለት ሕግ አስከባሪው ራሱ ሕግ ይጥሳል። እዚህ ውስጥ ስንት ፊልም አለ! ዳይሬክተሩ ሩበን ፍላይሸር ጥያቄውን በአንድ ገጸ ባህሪ አፍ ያስነሳና በቶምሰን ጠመንጃ ድምፅ ያፍነዋል።

መጨረሻው ደግሞ ጉድ ነው። አክተሩና ቦሱ ጠመንጃቸውን ጥለው በቡጢ ይገጥማሉ። ከዚያ ኮኸን በነፍስ ግድያ ወህኒ ይወርዳል። በእውነቱ ኮኸንን የጣለው ቡጢ ሳይሆን ግብር ነው። በ1951 ገቢውን ደብቆ ግብር ባለመክፈሉ ታሰረ፤ በ1961 እንደገና በዚያው ተፈረደበት። ከእሱ በፊት የቺካጎው ወንበዴ አል ካፖንም በ1931 የወደቀው በግብር ነበር። በፊልሙ ኮኸንን የሚያስፈርድበት፣ ጃክ ዌለን የተባለው ወንበዴ ግድያም በእውነቱ የሆነው በ1959 ነው፤ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ጎትተውታል። ዓመት ማዛባቱን እንኳ እችለዋለሁ፤ ፊልም ነው። ግን የሂሳብ መዝገብ ወንበዴን የሚያስርበትን ዘመን በካራቴ ፊልም መጨረሻ መለወጥ ምን ይሉታል?

ተዋናዮቹን አልወቅስም። ፔን አፍንጫው ላይ ተጨምሮለት፣ ጥርሱን እያፋጨ የተሰጠውን ይጫወታል። ኮኸን በ1949 ገና 36ቱን ሊይዝ ነበር፤ ፔን ከ50 በላይ ነው፤ ይሁን። ጎስሊንግና ስቶን ደግሞ አብረው መጫወት እንደሚችሉ ከዚህ ፊልም በፊትም በኋላም አሳይተዋል። እዚህ ግን የሚናገሩት ነገር የላቸውም።

አንዳንዱ ሰው ጥፋቱን በድጋሚ ቀረጻው ላይ ይጥላል። ፊልሙ መውጣት የነበረበት በመስከረም 2012 ነው። በሐምሌ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ሲኒማ ቤት ውስጥ አንድ ታጣቂ 12 ሰው ገደለ። ፊልሙ ውስጥ ወንበዴዎች ከስክሪን ጀርባ ሆነው ተመልካች ላይ የሚተኩሱበት ትዕይንት ነበር። ተነሳ፤ በምትኩ ቻይና ሰፈር ውስጥ ሌላ ተቀረጸ፤ ፊልሙም ወደ ጥር 2013 ተገፋ። ማንሳታቸው ልክ ነው። ግን አንድ ትዕይንት ሌላውን ሁሉ አያበላሽም።

ያው ከተማ፣ ያው ኮኸን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚታይ ማወቅ የፈለገ «ኤል ኤ ኮንፊደንሻል»ን ይይ። በ1997 የወጣ ነው። ራስል ክሮውና ጋይ ፒርስ ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ብዙም አይታወቁም ነበር። ፊልሙ ገና ሲጀምር ኮኸን ይታሰራል። በምን? በግብር። ታሪኩ የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ባዶውን ወንበር ማን ይይዛል በሚለው። ኮኸን ራሱ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።