ካርታ ላይ ሌየር ምንድን ነው?

ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ (ማንም ሰው ገብቶ የሚስለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ነው) የምትሰሩ ልጆች፣ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚሄደውን የፍጥነት መንገድ ዙሪያውን የምትስሉ፣ ይሄን ነገር በደንብ ያዙት። ሳተላይት ፎቶው ላይ ሁለት መንገድ ተቋርጦ መስቀለኛ መስሎ ይታያል፣ መሬት ላይ ግን የሰፈሩ መንገድ በድልድይ ከላይ ያልፋል የፍጥነት መንገዱ በስሩ ይሄዳል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መታጠፍ የሚባል ነገር የለም። እዛች ቦታ ላይ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ የሚናገረው ታግ (ማለትም በተሳለው ነገር ላይ የሚጻፍ መግለጫ) ነው ሌየር የሚባለው።

ቁጥሩ ከኔጌቲቭ 5 እስከ 5 ነው፣ ካልተጻፈ 0 ተብሎ ይወሰዳል። ድልድዩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ላይ መንገዱን ቆርጣችሁ መሀል ላይ ለቀረችው ቁራጭ ብቻ የድልድይ ታግና ሌየር 1 ትሰጣላችሁ፣ የታችኛውን አትነኩም። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 የሚያደርጉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ሌየር ከፍታ አይደለም፣ እንጦጦ ላይ ያለውም አቃቂ ሜዳ ላይ ያለውም መንገድ 0 ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ኖዱ ነው፣ ማለትም መስመሩ የሚሰራባት ነጥብ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ላይ የጋራ ኖድ ካላቸው አቅጣጫ የሚያሳየው አፕ መገናኛ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ሌየሩን ምንም ብትሉት አያድንም፣ ሹፌሩን ድልድይ መሀል ላይ "ወደ ግራ ታጠፍ" ይለዋል፣ የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ደግሞ በክፍያ ጣቢያ በኩል ካልሆነ አይገባም። ካርታውን የምትስሉበት ኤዲተር መንገዶቹ ተቋርጠዋል ብሎ ሲያስጠነቅቅ አንዱ አማራጭ "አገናኝ" ነው፣ ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋለት ብቻ እሱን ይጫናል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ነው የሚተርፈው። በተቃራኒው መውጫና መግቢያዎቹ ላይ በእውነት የሚገናኘውን ኖድ ከለያያችሁት አፑ መግቢያ የለም ብሎ ዞሮ ይሄዳል።

የቱ ከላይ እንደሆነ ካልለየላችሁ ጥላውን እዩ፣ ድልድዩ የታችኛው አስፋልት ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ይጥላል፣ የታችኛው መንገድ የቀለም መስመርም እዛ ጋ ይቋረጣል።

በቱቦ ከመንገድ ስር ለሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ደግሞ መንገዱን አትቁረጡ፣ የወንዙን ቁራጭ ቱቦ ብላችሁ ሌየር ኔጌቲቭ 1 ስጡት፣ አለቀ።