ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ፦ ከሕግ ትምህርት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

አክሊሉ ሀብተወልድ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ቤተሰቡ የቡልጋ ነው። በእስክንድርያ የፈረንሳይ ሊሴ፣ ቀጥሎም ፓሪስ ገብተው ሕግ ተማሩ። ስማቸውን ያስጠራው ግን ፍርድ ቤት አይደለም። ጣሊያን ሲወርረን ፓሪስ በነበረው ሌጋሲዮናችን (ከኤምባሲ ዝቅ ባለው የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤታችን) ይሠሩ ነበር፤ ጠበቃ ሆነው የቆሙትም ለአገራቸው ነው።

ከነጻነት በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ። መጀመሪያ በምክትልነት፣ ኋላ በሚኒስትርነት እስከ 1950 ዓ.ም. ቆዩ። ወርቃማ ዘመናቸው ይሄ ነው። በ1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ስለ ኢትዮጵያ ፈረሙ። ከዚያ ፓሪስ በተደረገው የሰላም ጉባኤ የጣሊያንን ነገር ይዘው ተሟገቱ። አጠገባቸው አሜሪካዊው የዓለም አቀፍ ሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ነበሩ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት።

የቀድሞዋ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ኤርትራ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትፈታ ጉዳይ አልነበረችም። በ1941 ዓ.ም. የቀረበው የእንግሊዙና የጣሊያኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ የቤቪንና ስፎርዛ፣ ዕቅድ ምዕራቡን ለሱዳን፣ ቀሪውን ለኢትዮጵያ ይሰጥ ነበር። ዕቅዱ ከሊቢያ ጉዳይ ጋር ታስሮ ስለቀረበ፣ ያኛው ሲወድቅ ይሄም አብሮ ወደቀ። እንደገና ሙግት፣ እንደገና ደጅ ጥናት። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያጣምረውን ፌዴሬሽን በ46 ድምፅ ለ10 አጸደቀ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለውለታችን የሚሏቸው በዚህ ነው። ያለ ፈቃዳችን ተወሰነብን የሚሉ ኤርትራውያን ደግሞ በሌላ ዓይን ያዩታል። በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

ወደዚህ ሥልጣን የመጡት በሐዘን ማግስት ነው። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ በከሸፈው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ወንድማቸው መኰንን ሀብተወልድ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ ነበሩ። አክሊሉ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተሾሙ። እንደ ቀደመው ሥልጣናቸው ሁሉ ይሄም የጃንሆይ ሹመት ነው፤ የምርጫ ካርድ አልነካውም። ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው የማቅረብ መብት ያገኙትም በ1958 ዓ.ም. ነው።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩና ከተሜው ሲነሳ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሚያዝያ ላይ ታሰሩ። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ይመረምር ለነበረው ኮሚሽን የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ በእጃቸው የጻፉት እስር ላይ ሆነው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ሰዎች አንዱ እኚህ የሕግ ሰው ነበሩ።