ሙዚቀኛ ያደገበትን ቤት በቅርስነት መጠበቅ ምንድን ነው?

የታወቀ ሙዚቀኛ ያደገበት ቤት ቅርስ ሆነ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሩ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ መስቀል ቀላል ነው። መጠበቅ ማለት ቤቱ እንዳይፈርስ በሕግ መያዝ፣ የዘመኑ መልክ በእድሳት ስም እንዳይጠፋ መከላከል፣ ወጪውንም በየዓመቱ የሚሸፍን ወገን ማግኘት ነው።

እንዲህ ዓይነት ቤት ብዙውን ጊዜ ለዓይን ተራ ነው። እንጦጦ ላይ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ለምን እንደሚጠበቅ አስረጂ አያሻውም። የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው ፖል ማካርትኒ ያደገበት፣ በእንግሊዟ ከተማ ሊቨርፑል ያለው ቤት ግን ማዘጋጃ ቤቱ ለተከራዮች ከሠራቸው ብዙ ተመሳሳይ ቤቶች አንዱ ነው፤ በእኛ አነጋገር የቀበሌ ቤት ብንለው ያስኬዳል። ቤተሰቡ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የገዛው ለግንቡ ውበት ብሎ ሳይሆን፣ ማካርትኒና የባንድ ጓደኛው ጆን ሌነን ጊታር ይዘው ዘፈን ስለደረሱበት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዘፋኟ ኒና ሲሞን የተወለደችበት ባለ ሦስት ክፍል የእንጨት ቤት ደግሞ ሊጠፋ ሲል አራት አርቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በ95 ሺህ ዶላር ገዝተው አተረፉት። የጃዝ ሙዚቀኛው የሉዊ አርምስትሮንግ የትውልድ ቤት ይህን ዕድል አላገኘም፤ ፈርሷል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከአየር ጤና ወጥቶ በአለም ገና ወደ ሰበታ፣ አልፎም ጥላሁን ገሠሠ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ወደተማረበት ወሊሶ የሚሄድ ሰው በፎቆች መካከል እዚህም እዚያም የቀሩ የጭቃ ቤቶችን ያያል። የጭቃ ቤት ተቆልፎ አይጠበቅም። ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል፣ በጭድ የተቦካው ምርጊት በዝናብ ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ዝጎ ማፍሰስ ከጀመረም ግድግዳው ብዙ ክረምት አይሻገርም። ክረምቱ ሲወጣ የሚመርገው ሰው ያስፈልገዋል። እኔን ግን ከመፍረሱ ባልተናነሰ የሚያሰጋኝ በቅን ልቦና የሚደረግ እድሳት ነው። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ወለሉ ሴራሚክ ለብሶ በሩ ወርቃማ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ልጁ ያደገበት ቤት ቀርቶ የዘመድ ሠርግ አዳራሽ ይመስላል።

ሕጉ ለተራ ቤት በሩን አልዘጋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው። ባለይዞታው በራሱ ወጪ ይጠብቃል፤ ለመጠገን አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊደግፈው ይችላል። ችግሩ ባለይዞታው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ በከተማው ብዙ ሰው የሚኖረው በቀበሌ ቤት በኪራይ ነው። የቤቱን ታሪክ የሚያውቀው ተከራዩ ነው፤ ቤቱ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ቤቱ በቅርስነት ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ የመልሶ ማልማት ፕላን ከመጽደቁ በፊት ካልቀረበ፣ በኋላ የሚቀርበው አቤቱታ ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ብቻ ይሆናል።

ገንዘብም ፈቃድም ባይገኝ ዛሬውኑ የሚቻለው መመዝገብ ነው። የማካርትኒን ቤት ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ከረዱት ነገሮች ዋነኛው ወንድሙ ማይክ በወጣትነቱ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ናቸው። እዚህም የክፍሎቹን ስፋት መለካት፣ ጓዳውንና ግቢውን ፎቶ ማንሳት፣ ራዲዮኑ የት እንደተቀመጠና ልጁ የት ሆኖ ያንጎራጉር እንደነበር አብሮ አደጎቹን መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ጎረቤትም አለ። ሊቨርፑል ውስጥ ቤቱ በመኖሪያ ሰፈር መካከል ስለሆነ ጎብኚ የሚገባው በጥቂት በጥቂቱ፣ በሚኒባስ እየመጣ ነው። በክረምት ለነዋሪው እንኳ የማይበቃ ጠባብ የጭቃ መንገድ ባላቸው የዳርቻ ሰፈሮችም ከአውቶቡስ ማቆሚያ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ይኸው ነው።