«ቶሎ ከበራ ቶሎ ሮጧል» እና ሌሎች የሰለቹኝ የፍራፕ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የድኅረ ምረቃ ጥናት ሳነብም፣ ደብረ ማርቆስ ሴሚናር ስቀመጥም፣ ያው ስህተቶች ተራ በተራ ይመጣሉ። ተማሪው ይቀየራል፣ ስህተቱ ግን አይቀየርም። አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። የሴል ሽፋን ሁለት ረድፍ ሊፒድ፣ ማለትም የቅባት ሞለኪውል ነው። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ሊፒዶቹ ባሉበት አይረጉም፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቦታ ሲቀያየሩ ይውላሉ። ዲፊውዥን የምንለው ይህንን ነው። ለመለካት ጥቂት ሊፒዶች ላይ የሚያበራ ቀለም እናስራለን። ከዚያ አንዲት ክብ ቦታ ላይ ያለውን ቀለም በኃይለኛ ብርሃን እናነጣዋለን፤ ማለትም ማብራቱን እናጠፋዋለን። ቦታዋ ትጨልምና ቀስ እያለች መልሳ ትበራለች። ሂሳቡ የሚሠራው ከዚህ አመላለስ ነው። ዘዴው ፍራፕ ይባላል። የስሌቱን መሠረት አክሰልሮድ፣ ዌብ እና ባልደረቦቻቸው በ1976 አሳትመውታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«መልሶ የበራው የነጣው ቀለም ስላገገመ ነው።» አይደለም። ቡሬ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ መንጋው መሀል የቆሙትን በጎች ቀለም ቀባ እንበል። ቆይቶ ሲመለስ መሀሉ ላይ ያልተቀቡ በጎች ያገኛል። የተቀቡት ታጥበው አይደለም፤ እነሱ ወጥተው ሌሎቹ ገብተው ነው። የነጣ ቀለም በአብዛኛው የሞተ ቀለም ነው። ካላመናችሁ ሙሉዋን የሊፒድ ከረጢት አንጡና ጠብቁ። ከውጭ የሚገባ ስለሌለ ጨልማ ትቀራለች። አንዳንድ የሚያበሩ ፕሮቲኖች ግን እውነትም ጨልመው መልሰው ይበራሉ። ስለዚህ ይህን ፈተና አትዝለሉት።

«ሊፒዱን በማይክሮስኮፕ አየሁት።» አላየኸውም። የተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 እስከ 250 ናኖሜትር በታች ያለውን ለይቶ አያሳይም። አንድ ሊፒድ የሚይዘው ቦታ 0.7 ካሬ ናኖሜትር አካባቢ ነው። 250 ናኖሜትር ስፋት ያላት አንዲት ነጥብ ውስጥ፣ በአንዱ ረድፍ ብቻ፣ ወደ 70,000 ሊፒድ አለ። ያየኸው የሕዝቡን ብርሃን ነው።

«ቀለም በበዛ ቁጥር ይሻላል።» ሲበዛ ቀለሞቹ እርስ በርስ ብርሃናቸውን ያዳፍናሉ፤ ሽፋኑንም ይረብሹታል። ከ200 ሊፒድ አንዱ ላይ ከኖረ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ።

«ዲፊውዥን ፍጥነት ነው፤ ቶሎ የበራው ቶሎ የሮጠው ነው።» ይህንን መምህራንም ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ያውም ሰሌዳ ላይ እየጻፉ።

መለኪያውን እዩት እስቲ። ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ይለካል። የዲፊውዥን ቁጥር ግን በካሬ ማይክሮሜትር በሰከንድ ነው። ያ «ካሬ» ለጌጥ አልገባም። ሞለኪውሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ቦታ ይቀያይራል፤ አብዛኛውን የሄደበትን ግን ይመለስበታል። የተጣራው ርቀት የሚያድገው በጊዜው ካሬ ሥር ልክ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሩ 1 ካሬ ማይክሮሜትር በሰከንድ የሆነ ሊፒድ በአንድ ሰከንድ በአማካይ 2 ማይክሮሜትር ይርቃል። ታዲያ 20 ማይክሮሜትር ለመራቅ ስንት ይፈጅበታል? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ መልሱ በኅብረት «10 ሰከንድ!» ነው። 100 ሰከንድ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ለመራቅማ ከዘጠኝ ወር በላይ ይፈልጋል። እና ይህ ሊፒድ ፍጥነቱ ስንት ነው? ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። በየትኛው ርቀት እንዳየኸው ይለያያል።

ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ኮሌስትሮል የሌለበትንና ያለበትን ሽፋን አወዳድራ መጣች። የመጀመሪያው ግማሽ ብርሃኑን ለመመለስ 1 ሰከንድ ፈጀበት። ሁለተኛው 12 ሰከንድ። «ኮሌስትሮል እንቅስቃሴውን በ12 እጥፍ ቀነሰው» ብላ ጻፈች፤ በደማቅ ፊደል። ያነጣሽው ክብ ስንት ነበር? አልኳት። የመጀመሪያው ራዲየሱ 2 ማይክሮሜትር ነው። ሁለተኛው 5። በሁለት የተለያየ ቀን ስለተሠራ ማንም ልብ አላለውም።

የዲፊውዥን ቁጥሩን በሱምፓሲስ የ1983 ቀመር እናስላ። የራዲየሱን ካሬ በ0.224 ታባዛለህ፣ ግማሹ ለተመለሰበት ጊዜ ታካፍላለህ። የመጀመሪያው 0.9 አካባቢ ይመጣል። ሁለተኛው 0.47። ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ገደማ እንጂ 12 አይደለም። ኮሌስትሮል ፈሳሽ ሽፋን ውስጥ እንቅስቃሴን በመጠኑ ማዘግየቱ የታወቀ ነውና ትክክለኛው ውጤት ምንም አያስደንቅም። 12 እጥፍ ግን ያስደንቃል፤ ለዚያም ነው ሰው የሚወደው።

ስለዚህ ራዲየሱ ያልተጻፈበት የፍራፕ ግራፍ አታምጡልኝ። ራዲየሱንም ከሶፍትዌሩ ላይ አትገልብጡ። ልክ ከነጣ በኋላ ከተነሳው የመጀመሪያ ምስል ላይ ለኩት። ሌዘሩ ከታዘዘው ክብ ወጣ ብሎ ማንጣቱ የተለመደ ነው። በራዲየስ ላይ 20 በመቶ የተሳሳተ ሰው ውጤቱ ላይ 40 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። እንደገና ያ ካሬ!

«100 በመቶ ካልተመለሰ የቀረው የታሰረ ሞለኪውል ነው።» ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ሂሳብ ሥሩ። ከትንሽ ከረጢት ላይ አንድ አምስተኛውን ቀለም ካነጣችሁ ከ80 በመቶ በላይ ከየት ይምጣ? ምስል ስታነሱም ቀለም ይነጣል። ያልተነካ ቦታ ብርሃን ጎን ለጎን መዝግቡና በእሱ አካፍሉ።

«የክፍሉ ሙቀት ጥቃቅን ነገር ነው።» ጎጃም ውስጥ ሆኖ ይህን የሚል ሰው ይገርመኛል። ዲኤምፒሲ የሚባለው ሊፒድ በ24 ዲግሪ ገደማ ከረጋ ወደ ፈሳሽ ይለወጣል። ሲረጋ ዲፊውዥኑ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወርዳል። መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ብትለኩት ፈሳሽ ነው። በክረምት ጠዋት ደብረ ማርቆስ ብትለኩት የረጋ ነው። ያው ሊፒድ፣ ያው ማይክሮስኮፕ። ፍራይ እና ኤዲዲን እንኳ በ1970 የሰውና የአይጥ ሴል አዋሕደው የሽፋን ፕሮቲኖቹ በ40 ደቂቃ ገደማ ሲደባለቁ ያዩት በ37 ዲግሪ ነበር። ሲያቀዘቅዙት መደባለቁ ቆመ። ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ግዙ።

«ፕሮቲኑ እጥፍ ከተለቀ ዲፊውዥኑ በግማሽ ይቀንሳል።» ውኃ ውስጥ አዎ። ሽፋን ውስጥ ግን፣ ሳፍማን እና ደልብሩክ በ1975 እንዳሳዩት፣ ለውጡ ትንሽ ነው።

«በሰው ሠራሽ ሽፋን የተገኘው ቁጥር ለሴልም ይሠራል።» አይሠራም፤ ሴል ላይ ሊፒዱ በጣም ይዘገያል። የጃፓኑ የኩሱሚ ቡድን በ2002 ሊፒድ ላይ የወርቅ ቅንጣት አስሮ በሰከንድ 40,000 ምስል አነሳ። ሊፒዱ በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ ፈጥኖ ይዋዥቃል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚዘለው ግን አልፎ አልፎ ነው። ካሜራው ቀርፋፋ ቢሆን ዝግታው ብቻ ነበር የሚታየው።

«የሚሊዮኖች ማሽን ከሌለ አይሞከርም።» ይህኛው ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ከሁሉም ያናድደኛል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው የኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ሰማያዊ ነው። ኤንቢዲ የሚባለውን የሊፒድ ቀለም ያበራል። (የሕሙማኑን መሣሪያ ከሥራ ላይ አንሡ ማለቴ አይደለም። ለማስተማሪያ የተቀመጠ ካለ ነው።) ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ለማንጣት ጊዜ ይወስዳል። እዚህ ላይ ያ ካሬ ይጠቅማችኋል። ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስን ቀዳዳ ካለው አጥብቡና 30 ማይክሮሜትር ራዲየስ ያለው ሰፊ ክብ አንጡ። በ1 ካሬ ማይክሮሜትር በሰከንድ ግማሹ ለመመለስ 200 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጥቂት ሰከንድ ማንጣት አይጎዳም። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይበቃል፤ ስልክም ይሠራል። ምስሉን ኢሜጅጄ በሚባለው ነጻ የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ተንትኑት። የስልኩን ብርሃን ማስተካከያ ግን አስቀድማችሁ ቆልፉ። ካልቆለፋችሁት ስልኩ የጨለመውን ራሱ ያበራላችሁና ሊፒዱ የተመለሰ ይመስላችኋል።